ካለመጠየቅ የሚቀር ወንበር

ይድረስ በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ልጆቻችሁን በመንግሥት ትምህርት ቤት ለምታስተምሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች፤ እንዲሁም ለአብያተ ክርስቲያናት ሰበካ ጉባኤያት፣ ለመስጊድ ኮሚቴዎች፣ ለዕድሮችና ለማኅበሮቻችን በሙሉ



ትምህርት በተከፈተ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከልጆቻችሁ ቦርሳ የማይወጣ የወረቀት ዓይነት የለም፤ የፎቶ ቀን ማስታወቂያ፣ የምሳ ዝርዝር፣ የሽርሽር ፈቃድ፣ የክትባት ማሳሰቢያ። በዚያ ክምር መካከል ልጃችሁ በቅርቡ የችሎታ ፈተና እንደሚወስድ የሚገልጽ አንድ ገጽ አለ። ፊርማ አይጠይቅም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ስለዚህ በብዙዎቻችን ቤት ሳይነበብ ይጣላል። ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ስለዚያ ገጽ፣ ከእሱም በኋላ መጠየቅ ስለሚገባው ጥያቄ ነው።

የራሴን ልጆች በዚሁ ሥርዓት ውስጥ አሳድጌአለሁ፤ በወላጆችና በመምህራን ስብሰባም ለወገኖቼ በአስተርጓሚነት ለዓመታት አገልግያለሁ። ከዚያ ሁሉ የተረዳሁት ይህን ነው፤ በዚህ አገር ከፍ ያለው ትምህርት የሚደርሰው ጎበዝ ለሆነ ልጅ ሁሉ አይደለም። የሚደርሰው ጎበዝ ሆኖ ወላጁም ለጠየቀለት ልጅ ነው። ልጆቻችን ጉብዝና አልጎደላቸውም። የጎደላቸው ጠያቂ ነው።

በፌርፋክስ ካውንቲ የሁለተኛ ክፍል ልጆች ኮጋት የሚባለውን ፈተና ይወስዳሉ። ፈተናው በክፍል ውስጥ በጋራ የሚሰጥ ሲሆን በቃላት፣ በቁጥርና በምስል የማሰብ ችሎታን ይለካል። መምህሩ ያስተማረውን አይጠይቅም፤ ልጁ አይቶት የማያውቀው ነገር ሲቀርብለት በነገሮች መካከል ያለውን ዝምድና አውጥቶ ማየት ይችል እንደሆነ ነው የሚፈትሸው። ውጤቱ ከመምህር ግምገማና ከልጁ የሥራ ናሙናዎች ጋር ተዳምሮ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ የሚሰጠውን "አድቫንስድ አካዳሚክ" የተባለ የሙሉ ጊዜ ፕሮግራም በር ይከፍታል። የሜሪላንድ ደንብ ደግሞ እያንዳንዱ የትምህርት አስተዳደር ቢዘገይ እስከ ሦስተኛ ክፍል ድረስ ልጆችን ሁሉ አጣርቶ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን እንዲለይ፣ ቁጥራቸውም ቢያንስ ከመቶ 10 እንዲሆን ያዛል። በቨርጂኒያ በአንድ ፈተና ውጤት ብቻ ልጅን ማስገባትም ሆነ ማስቀረት በግዛቱ ደንብ የተከለከለ ነው፤ ወላጅም ልጁን ራሱ የመጠቆምና በውሳኔው ካልተስማማ ይግባኝ የማለት መብት አለው።

ይህ ሁሉ የግዛቶቹ ደንብ መሆኑን ልብ በሉ። የፌዴራሉ መንግሥት አካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር ላለበት ልጅ እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በሕግ ዋስትና ሰጥቷል። ከክፍሉ ቀድሞ ለሄደ ልጅ ግን ትምህርት ቤቶችን የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። ስለዚህ ዴንቨር ያለች እህታችሁ የነገረቻችሁ አሠራር ለአሌክሳንድሪያ ላይሆን ይችላል፤ የራሳችሁን ካውንቲ አሠራር መጠየቅ ይኖርባችኋል።

"ልጄ ጎበዝ ነው፤ ጊፍትድ (ልዩ ተሰጥኦ ያለው) መባሉ ምን ይጨምርለታል?" የሚሉኝ አባቶች አሉ። ስሙ ምንም አይጨምርም። የሚጨምረው ከስሙ ጋር የሚመጣው ትምህርት ነው፤ በተለይ ሂሳቡ። ብዙዎቻችን ልጆቻችን እንዲገቡበት የምንመኘው የቶማስ ጀፈርሰን የሳይንስና ቴክኖሎጂ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አመልካቹ ስምንተኛ ክፍል ላይ ቢያንስ አልጀብራ 1 እየተማረ እንዲሆን ይጠይቃል። ወላጆች ስለ አልጀብራ የሚሰሙት ልጁ ሰባተኛ ክፍል ሲደርስ ነው። ወደዚያ የሚወስደው የሂሳብ መስመር ግን ከሦስተኛና ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ ሲዘረጋ ቆይቷል፤ ዘግይቶ የነቃ ወላጅ ልጁን እዚያ ለማድረስ ክረምቱን ሙሉ ሲያስጠና ይከርማል። ከዚህም የሚብሰው ሌላ ነገር ነው። የሰባት ዓመት ልጅ በአምስት ደቂቃ የጨረሰውን ሥራ ሌሎቹ እስኪጨርሱ በየቀኑ እየጠበቀ ካደገ፣ ትምህርት ማለት ያለ ድካም የሚገኝ ነገር እንደሆነ አምኖ ያድጋል። ትምህርቱ በእርግጥ የሚከብድበት ዓመት ሲመጣ መጣርን አልለመደም። እንዲህ ሆነው ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ላይ የተሰናከሉ ልጆችን አውቃለሁ፤ "ድሮ እንዴት ያለ ልጅ ነበር" እየተባለ ሲወራላቸው።

ታዲያ ለምን አንጠይቅም? ምክንያቶቻችንን አውቃቸዋለሁ፤ አንዳቸውንም አልንቅም። አስተማሪን ማክበር ተምረን ነው ያደግነው። መምህሩ የሚያውቀውን ያውቃል፣ ልጁ የሚገባው ነገር ካለ ራሱ ጠርቶ ይነግረናል ብለን እናምናለን። የራስን ልጅ በሰው ፊት ማሞገስም ነውር ነው፤ ሌላው ያመስግነው እንጂ እናት "ልጄ ከእኩዮቹ ይበልጣል" አትልም። ልጁ ሰው ዓይን ውስጥ እንዳይገባ የሚፈራም አለ፤ በአራት ዓመቱ ዳዊት የሚያነብ ልጅ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይላክ እንደነበር የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ የሥራው ሰዓት አለ። ሌሊት የሚያሽከረክር አባት፣ ሆስፒታል ሁለት ፈረቃ የምትሠራ እናት ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ለሚደረግ ስብሰባ ከየት ይመጣሉ? ዝም አይነቅዝም ብለንም አድገናል። እዚህ ግን ዝምታችን እየነቀዘ ነው። በዚህ ጉዳይ የሚበጀን ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለው ነው፤ እሱም የአባቶቻችን ቃል ነው።

አስተማሪ ይጠራናል ብሎ መጠበቅ ምን እንደሚያስከትል ከፍሎሪዳዋ ብሮዋርድ ካውንቲ በላይ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም። ካውንቲው ከአገሪቱ ትልልቅ የትምህርት አስተዳደሮች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. እስከ 2005 ድረስ አንድ ልጅ ለልዩ ተሰጥኦ ፕሮግራም የሚመረመረው መምህሩ ወይም ወላጁ ሲጠቁመው ነበር። ለመግባት የሚጠየቀው የአይ ኪው (የአእምሮ ችሎታ መለኪያ) ነጥብ 130 ሲሆን፣ ከድሃ ቤተሰብ ለመጡና እንግሊዝኛ በመማር ላይ ላሉ ልጆች 116 ነበር። ደንቡ የተጻፈው በቅንነት ነው ማለት ይቻላል፤ ሆኖም ለእነዚያ ልጆች የተቀመጠውን ነጥብ የሚያገኙ ብዙዎች እያሉ ለምርመራ የሚቀርቡት ጥቂቶች ነበሩ። በ2005 ካውንቲው የሁለተኛ ክፍል ልጆችን ሁሉ፣ ማንም ሳይጠቁማቸው፣ ቃል በማይፈልግ አጭር የምስል ፈተና ማጣራት ጀመረ። ደህና ያመጡት ወደ ሳይኮሎጂስት ተላኩ። ዴቪድ ካርድና ላውራ ጁሊያኖ የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚክስ ምሁራን ውጤቱን አጥንተው ሲያወጡ፣ በፕሮግራሙ የታቀፉ የድሃ ቤተሰብ ልጆች ድርሻ በ180 ከመቶ፣ የሂስፓኒክ ልጆች በ130 ከመቶ፣ የጥቁር ልጆች በ80 ከመቶ ከፍ ብሎ ተገኘ። ካርድ በኋላ በ2021 በሌላ ሥራው የኖቤል ሽልማት ያገኘው ነው።

መሥፈርቱ ዝቅ አላለም። ነጥቡ ያው ነበር። የተለወጠው ማን ይፈተን የሚለው ብቻ ነው። እነዚያ ልጆች ከ2005 በፊትም በክፍላቸው ተቀምጠው ነበር፤ መምህሮቻቸው በየቀኑ ያዩአቸው ነበር፤ ወላጆቻቸውም ይወዱአቸው ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ በጀት ሲጠብ ካውንቲው ማጣራቱን ሲያቆም ልዩነቱ ተመልሶ መጣ። ይህን ጥናት ባሰብኩ ቁጥር የምጠይቀው በእኛ ሰፈር ትምህርት ቤቶች ስንቶቹ እንዲህ ተቀምጠው እንደቀሩ ነው።

የመምህራንን ነገር ካነሳሁ ደግሞ ልጨምር። ጄሰን ግሪሶምና ክሪስቶፈር ሬዲንግ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2016 ባሳተሙት ጥናት በፈተና እኩል ውጤት ያላቸው ጥቁርና ነጭ ልጆች ሲነጻጸሩ ጥቁሩ ወደ ልዩ ተሰጥኦ ፕሮግራም የመመደብ ዕድሉ በጣም ያነሰ ነው፤ መምህሩ ጥቁር ሲሆን ግን ልዩነቱ ይጠባል። ይህን የምነግራችሁ መምህራንን እንድትጠሉ አይደለም። አብዛኞቹን በቅርብ አውቃቸዋለሁ፤ ለልጆቻችን የሚደክሙ ናቸው። ግን ከሃያ አምስት ልጆች መካከል ዓይኑን ዝቅ አድርጎ በአጭሩ የሚመልሰውን፣ በቤቱ የተማረውን ጨዋነት ይዞ የመጣውን ልጅ፣ ብዙ ከማያውቅ ልጅ ለመለየት ሰው መንገር ያስፈልጋቸዋል። የሚነግራቸው ሰው ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ያስተረጎምኩበት አንድ ስብሰባ አለ፤ እናቲቱ እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነበር። መምህሯ በትሕትና፣ ልጅቷ የተሰጣትን ወረቀት እንደማትጨርስ፣ ጎረቤቶቿን እንደምታዋራ፣ ትኩረቷ እንደሚያሳስባት ተናገረች። እናቲቱ ሰምታ ስታበቃ ወደ እኔ ዘወር ብላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ቤት ውስጥ እኮ የአባቷን የታክሲ ሂሳብ በቃሏ የምትሠራው እሷ ናት፤ ማይሉን አባዝታ፣ ቤንዚኑን ቀንሳ። ግን ይህን አትንገሪያት፤ ጉራ ይመስላል" አለችኝ። አስተርጓሚ የሰማውን መተው እንደማይችል ነገርኳት። ትንሽ ዝም አለችና "እንግዲያው ንገሪያት" አለች። መምህሯ ብዕሯን አነሳች። በሚቀጥለው ወር ልጅቷ ለብቻዋ ተመረመረች፤ ከዚያም ለሂሳብ ከከፍተኞቹ ጋር እንድትቀመጥ ተደረገ። ወረቀቱን የማትጨርሰው ከብዷት ሳይሆን ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ስለምትሰለች ነበር። ያን ቀን እናቲቱ ያንን ዓረፍተ ነገር በሹክሹክታ ባትናገረው ኖሮ መዝገቧ ላይ የሚቀረው "ትኩረት የላትም" የሚለው ነበር።

ስለ ፈተናው ራሱም ግልጽ ነገር ልንገራችሁ፤ አንዳንዶቻችን እንደ ክፉ ነገር ስንሸሸው ሌሎቻችን ልክ ያለፈ ክብር እንሰጠዋለንና። ዊስክ የሚባለው ለብቻ የሚሰጥ ፈተና ከስድስት እስከ አሥራ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች ነው፤ ለታናናሾቹ ዊፕሲ የሚባል አለ። ሳይኮሎጂስቱ ከልጁ ጋር ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ ይቀመጣል። የቃላት ግንዛቤ፣ ቅርጽና ቦታ የማየት ችሎታ፣ አዲስ ነገር የመረዳት ችሎታ፣ ነገርን በአእምሮ ይዞ የመሥራት ችሎታና ፍጥነት ለየብቻ ይለካሉ። አማካዩ 100 ነው፤ ከ130 በላይ የሚያገኙት ከመቶ ልጆች ሁለት ገደማ ናቸው። ቁጥሩ እንደ ክብደት ሚዛን በትክክል የሚነበብ አይደለም። 127 ያገኘ ልጅ በሌላ ቀን 132 ሊያገኝ ይችላል፤ ሪፖርቱም ከነጥቡ ጎን ከዚህ እስከዚህ የሚል ክልል የሚጽፈው ለዚህ ነው። በአራትና በአምስት ዓመት የተገኘ ቁጥር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ይዋዥቃል። ልጁ ገና መዋዕለ ሕፃናት ከሆነና የተለየ ችግር ከሌለ አትቸኩሉ።

የእኛ ልጆች ነጥብ የሚያጡበትን አንድ ቦታ ላሳያችሁ። በቃላት ክፍል ልጁ የሚሰጠው መልስ እንደ ምሉዕነቱ ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ያገኛል። በአጭሩ መልሶ ዝም የሚል ልጅ እያወቀ አንድ ነጥብ ይዞ ይቀራል። ከፈተናው በፊት ለልጃችሁ "ሴትዮዋ ስትጠይቅህ የምታስበውን ሁሉ ንገራት፣ ብልግና አይደለም" ማለት ማስጠናት አይደለም፤ የአገሩን ልማድ ማስረዳት ነው። የፈተናውን ጥያቄዎች ፈልጎ ማስጠናት ግን ሌላ ነገር ነው። ውጤቱን ያበላሸዋል፤ ልጁንም ወደማይችለው ክፍል ወስዶ ያስጨንቀዋል።

ሁለት ቋንቋ የሚናገር ልጅ የቃላት ሀብቱ በሁለት ቤት ተከፍሎ ነው የሚገኘው። "ሙቀጫ"ን በአማርኛ፣ ሌላውን በእንግሊዝኛ ያውቃል፤ ፈተናው የሚቆጥርለት አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ የቃላቱ ነጥብ ዝቅ፣ የምስሉና የአመክንዮው ነጥብ ከፍ ብሎ ስታዩ ሳይኮሎጂስቱ ይህን በሪፖርቱ እንዲያብራራ ጠይቁ። አማርኛውንም አትተዉ። ቋንቋችሁን ስለተናገረ ልጅ አይደነዝዝም። ልጆቻቸው ኢሶል በሚባለው የእንግሊዝኛ ቋንቋ ድጋፍ ትምህርት ውስጥ እንዳይገቡባቸው ፈርተው በምዝገባ ወረቀቱ ላይ የቤታችን ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ብለው የሚጽፉ ወላጆች አጋጥመውኛል። እውነቱን ጻፉ። እንግሊዝኛ በመማር ላይ ያለ ልጅ ለልዩ ተሰጥኦ ፕሮግራም ሊታጭ ይችላል፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ይከለክላል የሚላችሁ ካለ ደንቡን በጽሑፍ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ።

ፈተናውን የሚጠራጠሩ ወገኖች ምክንያት እንዳላቸው ማወቅ ይገባናል። ፈረንሳዊው ሳይኮሎጂስት አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያውን የአእምሮ ችሎታ መለኪያ ያወጣው ተጨማሪ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለማግኘት ነበር፤ አእምሮ የማይለወጥ መጠን ነው የሚሉትንም በግልጽ ተቃውሟል። አሜሪካ ሲገባ ግን መሣሪያው ወደ ሌላ እጅ ገባ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ለወታደሮች የተሰጠው ፈተና "ክሪስኮ" መድኃኒት ነው፣ ፀረ ተሕዋስ ነው፣ የጥርስ ሳሙና ነው ወይስ ምግብ ብሎ ይጠይቅ ነበር፤ ከመርከብ የወረደ ስደተኛ ይህን ከየት ያውቃል? ሳይኮሎጂስቱ ካርል ብሪገም በ1923 ባሳተመው መጽሐፍ ከዚያ ፈተና ተነሥቶ የአንዳንድ ሕዝቦች አእምሮ ዝቅተኛ ነው አለ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ የስደተኞችን በር ያጠበበው ሕግ ወጣ። ብሪገም በ1930 ድምዳሜውን ራሱ ሽሮታል፤ በሩ ግን ለአሥርት ዓመታት እንደጠበበ ቆየ።

በዚያው ዘመን መሣሪያውን ለተቃራኒው ዓላማ የተጠቀመበት ሰው የጎረቤታችን ሰው ነው። ማርቲን ጄንኪንስ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ጥቁር ሳይኮሎጂስት ነበር። በቺካጎ በጥቁር ልጆች መካከል ከፍተኛ ችሎታ ያላቸውን ፈልጎ አጠና፤ በ1935 ከፖል ዊቲ ጋር ባወጣው ጽሑፍ የቢኔ መለኪያ የአሜሪካ ቅጂ በሆነው በስታንፎርድ ቢኔ ፈተና 200 ያገኘች የዘጠኝ ዓመት ጥቁር ልጅ ታሪክ ቀረበ። የጥቁር ልጅ አእምሮ ጣሪያ አለው ይባል በነበረበት ጊዜ ነው ይህ የሆነው። ጄንኪንስ በኋላ በ1948 ባልቲሞር የሚገኘው የሞርጋን ስቴት ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆነ። እንግዲህ ያው ፈተና አንዱ በር ሊዘጋበት ሌላው ሊከፍትበት ችሏል። በእኛም ዘንድ እንዲከፍት ማድረግ ይቻላል።

አጠያየቁን ላንሳ። ጥያቄያችሁ በጽሑፍ ይሁን። በኮሪደር ላይ የተባለ ነገር ይረሳል፤ ኢሜይል ግን ቀን አለው። አማርኛ ብቻ የምትችሉም ብትሆኑ ጻፉ። የፌርፋክስና የሞንትጎመሪ ትምህርት ቤቶች ወደ አማርኛ የትርጉም አገልግሎት አላቸው፤ አስተርጓሚ መጠየቅ መለመን አይደለም። ልጃችሁን ግን አታስተርጉሙት፤ ስለ ራሱ የሚባለውን ነገር በራሱ አፍ ማድረስ የለበትም። ስብሰባው ከሥራችሁ ሰዓት ጋር ከተጋጨ በስልክ እንዲሆን ጠይቁ። "ልጄ ጎበዝ ነው" ከማለት ይልቅ የሚያደርገውን ንገሩ፤ ምን እንደሚያነብ፣ ምን ዓይነት ጥያቄ እንደሚጠይቅ፣ ሳይታዘዝ ምን እንደሚሠራ። የሠራውን ይዛችሁ ሂዱ። ከዚያም መምህሩን "ሥራውን ቀድሞ ሲጨርስ ምን ይሰጠዋል? የንባብ ደረጃው የት ነው? የኮጋት ውጤቱ በሦስቱም ክፍል ስንት ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ውጤቱ መብታችሁ ነው። መልሱ "አልተመረጠም" ከሆነ ምክንያቱን፣ የይግባኙንም ቀን ጠይቁ፤ ጊዜው አጭር ነውና አታሳድሩት። በግል የሚደረግ የዊስክ ምርመራ በመቶዎች ዶላር ያስወጣል፤ ሰፋ ያለው በሺዎች ሊደርስ ይችላል። በፌርፋክስ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲም ምርመራውን ይሰጥ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል። ገንዘቡ ከሌላችሁ ግን ከሁሉ በፊት ትምህርት ቤቱ ራሱ እንዲመረምር በጽሑፍ ጠይቁ።

ክፍል ማዘለልንም እንደ እንግዳ ነገር አትዩት። አገር ቤት "ደብል መታ" ስንል ማንም አይደነግጥም ነበር። በቄስ ትምህርት ቤትም ፊደል የቆጠረ ወደ አቡጊዳ፣ አቡጊዳውን የጨረሰ ወደ ንባብ፣ ከዚያም ወደ ዳዊት ይሸጋገር ነበር፤ ስንት ዓመትህ ነው ብሎ ያቆመው የኔታ አልነበረም። እዚህ ልጅ በዕድሜው ይደረደራል። በአንድ ትምህርት ብቻ ወደ ላይኛው ክፍል ሄዶ እንዲማር መጠየቅ ይቻላል፤ ሙሉ ክፍል ማዘለልም አለ። የልጁን ጠባይና ፍላጎት መመርመር እንጂ "እዚህ አይደረግም" የሚለውን መልስ ተቀብሎ መመለስ አያስፈልግም።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ከልጆቻችን መካከል በጣም ብሩህ ሆነው ማንበብ የሚከብዳቸው፣ መቀመጥ የማይችሉ ወይም ከሰው ጋር መግባባት የሚያስቸግራቸው አሉ። ብሩህነቱ ችግሩን ይሸፍነዋል፣ ችግሩም ብሩህነቱን፤ ልጁም መካከለኛ ተብሎ ይታለፋል። እኛም "ሲያድግ ይተወዋል" ብለን ለዘመድ እንኳ አንናገርም። ዊስክ ክፍሎቹን ለየብቻ የሚለካ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ በአመክንዮ 135፣ በፍጥነት 88 ያገኘ ልጅ ሰነፍ አይደለም። ለዚህ ልጅ በአካል ጉዳት ሕጉ ሥር እገዛ፣ በተሰጥኦውም ከፍ ያለ ትምህርት በአንድ ላይ መጠየቅ ይቻላል። የምታፍሩበት ነገር የለም፤ ለማንም ሳትናገሩ ለትምህርት ቤቱ ብቻ ተናገሩ።

ቁጥሩን ደግሞ ለልጁ አትንገሩት። ለእህቱም፣ ለአክስቱም፣ ቡና ላይ ለተሰበሰበው ሰውም እንዲሁ። 130 ያገኘችና 112 ያገኘች ሁለት እህትማማቾች አንድ ቤት ሲያድጉ ቁጥሩ የእህትነታቸውን ዕድሜ ሙሉ ሊከተላቸው ይችላል። ልጁ ገና በሁለተኛ ክፍል ዶክተር ነህ ተብሎ መጨነቅ የለበትም። የጠየቅንለት ሥራው እንዲመጥነው ነው፤ ከዚያ በላይ በልጁ ትከሻ ላይ የምንጭነው የእኛ ነገር ነው።

በመጨረሻ ለማኅበሮቻችን የምለው አለ። ብሮዋርድ ያኔ እንዳደረገው፣ ማንም ሳይጠቁመው ሁሉንም ልጅ ማየት በየቦታው የትምህርት አስተዳደሮቹ ግዴታ ሊሆን ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም በየስኩል ቦርዱ ስብሰባ ቆመን መናገር አለብን፤ የምርጫ ድምፅ አለን። እስከዚያ ድረስ ግን በእጃችን ያለውን እናድርግ። ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ በኋላ አንድ ጠረጴዛና ሁለት እንግሊዝኛ የሚያነቡ ወጣቶች ይኑሩ፤ ወላጆች ከልጆቻቸው ቦርሳ የወጣውን ወረቀት ሁሉ ይዘው ይምጡ፤ የማይጠቅመው እዚያው ይጣል፣ የሚጠቅመው ይሞላ። ለሠርግና ለሐዘን የሚደርሱ ዕድሮቻችን በዓመት የጥቂት ልጆችን የግል ምርመራ ወጪ መሸፈን አያቅታቸውም። ኮሌጅ የገቡ ልጆቻችን ለታናናሾቻቸው ወላጆች ኢሜይል ይጻፉ። ካውንቲዎቹም ስለዚህ ፕሮግራም በአማርኛ የሚያስረዳ ምሽት እንዲያዘጋጁልን በማኅበር ስም እንጠይቅ፤ በግል ከሚጠይቅ አንድ ሰው ይልቅ የማኅበር ደብዳቤ ቶሎ መልስ ያገኛል።

የወላጅ ጥቆማ የሚዘጋበት ቀን ከካውንቲ ካውንቲ፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ አንዳንድ ቦታ ከፈረንጆች ገና በፊት ያልቃል። የዘንድሮውን ቀን ሰኞ ጠዋት ለትምህርት ቤቱ ቢሮ ደውላችሁ ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በሰሜን ቨርጂኒያ የምትኖር እናት